ሻምበል አበበ ቢቂላ በማን ዘመን ይለካ?

ስፖርት ወዳጆች ሻይ ቤት ከተቀመጡ አንድ ክርክር አይቀርም፦ ሙሀመድ ዓሊ በጉልበቱ ዘመን ማይክ ታይሰንን ቢገጥም ማን ያሸንፍ ነበር? በእኛ አገር ክርክሩ ከቦክስ ወደ ሩጫ ይዞራል። አበበ ቢቂላ ከቀነኒሳ በቀለ ወይም ከኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ጋር አንድ መስመር ላይ ቢቆምስ? በመንዝ፣ ጓሳ አካባቢ በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ሲሟገቱ የእረፍት ማብቂያው ደወል አይሰማቸውም ነበር።

የቦክሱ ክርክር አንድ ጊዜ ለኮምፒውተር ቀርቦ ያውቃል። ዓሊ ቬትናም አልዘምትም በማለቱ ከሪንግ በታገደበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ጓንቱን ከሰቀለው ከሮኪ ማርሲያኖ ጋር ካሜራ ፊት የማስመሰል ግጥሚያ አደረጉ። ውጤቱን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው ተባለ። ፊልሙ በጥር 1970 አሜሪካ ውስጥ ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ለአውሮፓ ተመልካች የቀረበው ደግሞ ዓሊን አሸናፊ አደረገ። ማሽኑም እንደ ሻይ ቤት ተከራካሪ የተመልካቹን ፊት አይቶ ፈረደ ማለት ነው።

ዓሊና አበበ ስማቸውን ለዓለም ያስተዋወቁት በአንድ ኦሎምፒክ፣ በ1960 ሮም ላይ ነው። ዓሊ ያኔ ገና ካሲየስ ክሌይ የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ነበር፤ መስከረም 5 ቀን ወርቁን ወሰደ። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ የአበበ ተራ ሆነ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 7 ቀን 1932 ጃቶ በምትባል የሸዋ ደጋ መንደር ነው፤ መንደሯ በዚያን ጊዜ በሰላሌ ሥር ነበረች። ከጓሳ በስተደቡብ መሆኗ ነው። ልጅነቱ ላይ የጣሊያን ወረራ ደረሰና ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ተሰደደ። ሲመለሱ እንደ ማንኛውም የደጋ ልጅ ከእርሻው ጋር አደገ፤ ገና ጨዋታ ይወድ ነበር። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ደጋ ዳገት ወጥቶ ገበያ መድረስ፣ ከብት ተከትሎ መሮጥ የኑሮ ጉዳይ እንጂ የስፖርት ጉዳይ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብታ እየተመላለሰ ሲሮጥ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ዓይኑን ጣለበት። በ1956ቱ የጦር ኃይሎች ውድድር የቀደመው ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ አበበ ሁለተኛ ወጣ።

ሮም ላይ የተሰጠው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ስለዚያ ባዶ እግር ብዙ ተብሏል። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የመለያ ቁጥሩ ነገር ነው። ተጠንቀቅ የተባለው ከሞሮኮው ራዲ ቢን ዐብደሰላም ነበር፤ ራዲ 26 ቁጥር ለብሶ እንደሚሮጥም ተነግሮታል። ራዲ ግን 185 ለብሶ ገባ። አበበ ከ20ኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ከ185 ጋር ጎን ለጎን እየሮጠ ሐሳቡ ከፊት አለ ብሎ የገመተው 26 ቁጥር ላይ ነበር። የሚፈራው ሰው አጠገቡ እንዳለ አላወቀም። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል የተጀመረው ውድድር መሽቶ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት መንገድ ላይ ቀጠለ። ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው በዘመኑ ሮም ላይ ተተክሎ በነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፋል። አበበ ፍጥነቱን የጨመረው እዚያ ነው፤ ቦታውን ከአሠልጣኙ ጋር አስቀድመው መርጠውት ነበር። 2:15:16 ገባ፤ ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከተለው። በአፍሪካውያኑ መካከል የተደረገው ይህ ፉክክር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አስገኘ።

ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ሰው እዚህ ላይ ይስቃል። ኪፕቾጌ በርሊን ላይ በ2022 2:01:09 ሮጧል፤ ቀነኒሳ እዚያው በ2019 2:01:41። አንዱ ተማሪ ክርክሩን ይዘጋ የነበረው ከዚህም በባሰ ማስረጃ ነው፦ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ የሮጠችው 2:11:53 አበበ ቶኪዮ ላይ ካስመዘገበው በ18 ሰከንድ ይፈጥናል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ፍርዱ ግን ፍትሐዊ አይደለም። የዛሬው ሯጭ አሯሯጭ ተቀጥሮለት፣ በጫማው ውስጥ የካርቦን ንጣፍ ገብቶለት፣ ሩጫን ብቸኛ ሥራው አድርጎ ነው የሚሮጠው። አበበ ወታደር ነበር። በኢስላማዊ ጥናት ይህ ጥንቃቄ እንግዳ አይደለም፤ ኢብኑ ሰዕድ የሰዎችን ታሪክ በጦበቃት፣ ማለትም በትውልድ ደረጃ ከፋፍሎ ሲጽፍ ሰው አስቀድሞ በዘመን ጓዶቹ መካከል እንዲታይ አድርጓል።

በዚህ ሚዛን ከሄድን የአበበ ትልቁ ቀን ሮም ሳይሆን ቶኪዮ ነው ባይ ነኝ። በ1964 ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ 40 ቀን እንኳ አልሞላውም ነበር። ዘንድሮ ጫማ አደረገ። 2:12:11 ገብቶ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ፤ ሁለተኛው እንግሊዛዊ ባዚል ሂትሊ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። ሂትሊ ተራ ሰው አልነበረም፤ የዓለምን ምርጥ ሰዓት የያዘው እሱ ነበር። ባንዱ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላልነበረው የጃፓንን ተጫወተ። ኪፕቾጌ በኦሎምፒክ ማራቶን አራት ደቂቃ ሲያስቆጥር አላየንም።

የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፉ ወንዶች እስካሁን ሦስት ናቸው፦ አበበ፣ ጀርመናዊው ቫልዴማር ሲርፒንስኪና ኪፕቾጌ። አበበና ኪፕቾጌ ሦስተኛውን ሞክረው ሁለቱም አቋርጠዋል፤ ኪፕቾጌ ፓሪስ ላይ፣ አበበ ሜክሲኮ ላይ በ1968። አበበ ጉዳት ይዞ ነበር የገባው፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ወጣ። ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ አስቀረው። በሕይወቱ 16 ማራቶን ጀምሮ 12ቱን አሸንፏል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አልጨረሳቸውም።

መጋቢት 22 ቀን 1969 ሌሊት ቮልስዋገን መኪናው ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ውስጧ ተይዞ አደረ። ከዚያ በኋላ እነዚያ እግሮች አልቆሙም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። ሌላ ሰው ቢሆን ከስፖርት ይሸሽ ነበር፤ እሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። የጃቶ ልጅ፣ በበረዶ ላይ!

ጥቅምት 25 ቀን 1973 አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ አረፈ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጁ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘው።