የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሕይወትና የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት

ሕግ ሰውን ከሰው፥ ሕዝብንም ከንጉሡ ጋራ የሚያስተሳስር ማሰሪያ እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ይህ ማሰሪያ ንጉሡን ራሱን ያስረዋል ወይስ አያስረውም? በአገራችን ይህን ነገር በጽሑፍ ለመወሰን ብዕር ካነሡት ሰዎች ቀዳሚው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

በጅሮንድ በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወልደው ሐረር በልዑል ራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ገና በልጅነታቸው ከራስ ሠራዊት ጋራ ዐድዋ ወረዱ፤ ከድሉም በኋላ ወደ መስኮብ አገር ተወስደው የመድፈኛነትን ትምህርት ተማሩ። ብዙ ዘመን ቆይተው ሲመለሱ የመንግሥቱ አሠራር ወደ ኋላ መቅረቱ ስላሳዘናቸው፥ በአራዊት ምሳሌ አስመስለው ፋቡላ የሚባለውን ተውኔት ደረሱ። በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት ይኸው ሲሆን፥ ነቀፌታው ስለ ገባቸው መኳንንቱ አልወደዱትም። ኋላም ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ አሰበ ተፈሪንም የቈረቈሩ እሳቸው ናቸው።

ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው ግን በ1923 ዓ.ም. በሠሩት ሥራ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ 9 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የፈረሙበት ሕገ መንግሥት በእሳቸው ረቂቅ የተሰናዳ ሲሆን፥ 55 አንቀጽ ያለው፥ አብነቱም እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የዣፖን ሕገ መንግሥት ነበረ። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ ሰውም ያለ ሕግ እንዳይታሰር፥ ንብረቱም ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነ በቀር እንዳይወሰድበት ተጻፈ። ይሁን እንጂ የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን የማይነካ ሆነ፤ ዳኞችም የሚፈርዱት በእርሳቸው ስም ነበረ።

ይህን ከአሜሪካ ሥርዓት ጋራ ያስተያዩት እንደ ሆነ ልዩነቱ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የማዕከላዊው መንግሥት ዳኛ መልካም ጠባይ ይዞ እስከ ተገኘ ድረስ እንዳይሻር፥ ደመወዙም እንዳይቀነስበት ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1803 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሹም ጆን ማርሻል፥ ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋራ የተጣላ እንደ ሆነ ፍርድ ቤት ሊጥለው እንዲችል ፈረደ። በእኛ ዘንድ ግን የነገር ሁሉ መጨረሻ ዙፋን ችሎት ሆኖ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ዛሬም ቢሆን በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት ትርጓሜውን የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።

የቃሉን ክብደት ለመመዘን ግን ወደ ገበሬው ቤት መውረድ ይሻላል። በወላይታ፥ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ የምትገኘውን ሃላሌን እናስብ። ያ አገር ከ1887 ዓ.ም. ዘመቻ አስቀድሞ በካዎው ሥር የራሱ ሥርዓትና ዳኝነት ነበረው። ከዘመቻው ወዲህ መሬቱ ለሹምና ለወታደር ተመርቶ፥ ባለ አገሩ ገባር ሆኖ እህሉንና ጉልበቱን ይሰጥ ዠመረ። የ1923ቱ አንቀጽ ንብረትን ይጠብቃል ቢባልም፥ ገባሩ ከመነሻው ባለ ርስት ካልተባለ አንቀጹ ምን ይጠብቅለታል? ረቂቁን ያሰናዱት ሰው ይህን ሳያውቁት ቀርተው ነው ለማለት ይቸግራል፤ በመኳንንቱ መካከል ተቀምጠው የሚቻለውን ያህል ጻፉ ማለት ይቀላል። የገባር ነገር በሕግ የተነሣው ከጠላት ወረራ በኋላ ሲሆን፥ መሬቱም ለአራሹ የሆነው በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ነው።

በጅሮንድ በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ሲወረን በዠኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ከዚያም ወደ አገር ተመልሰው፥ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው እንዳይወጡ በብርቱ ተቃወሙ። የማይነካ ብለው የጻፉለትን ሥልጣን ፊት ለፊት መቃወማቸው ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው። ምክራቸው ስላልተሰማ እሳቸውም ተሰደዱ፤ ማዳጋስካር ላይም ብዙ ዓመት ተቀመጡ። ጠላት ከወጣ በኋላ እንኳ ቶሎ አልተመለሱም። በመጨረሻ ወደ አገራቸው ገብተው በእርሻ ኖሩ፤ ያ ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ሲለወጥ፥ ዘውዱም በ1967 ዓ.ም. ሲሻር አይተው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የሕይወቴ ታሪክ ብለው የጻፉት መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።