ጌሪ ኪልዳል፤ ሕይወቱና ያላረጀው ሥራው

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በባኮ ከተማ በሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር የሚከፍት ሠራተኛ፣ ሰነዱን የሚያስቀምጥበት ዋናው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ «ሲ» በሚባለው የላቲን ፊደል ተሰይሞ ያገኘዋል። «ኤ» እና «ቢ» ወዴት እንደ ሄዱ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። ሁለቱ ፊደላት ቀድሞ የፍሎፒ ዲስኮች መጠሪያ ነበሩ፤ ዲስኮቹ ከአገልግሎት ሲወጡ ስማቸው ያለ ባለቤት ቀረ። ይህን አሰያየም በትንንሽ ኮምፒዩተሮች ዘንድ ልማድ ያደረገው አሜሪካዊው ዶክተር ጌሪ ኪልዳል ነው። ሰውዬው በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ ስመ ጥር ቢሆንም፣ በሥራው በየቀኑ የሚገለገለው ሕዝብ እምብዛም አያውቀውም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጌሪ ኪልዳል ግንቦት 19 ቀን 1942 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በሲያትል ከተማ ተወለደ። ሲያትል የወደብ ከተማ ናት፤ ቤተሰቡም መርከበኞች የባሕር ጉዞ አቅጣጫን ማስላት የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበረው። ወጣቱ ኪልዳል በዚያ ካስተማረ በኋላ የሒሳብ መምህር የመሆን ሐሳብ ይዞ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ይሁን እንጂ እዚያ ያገኘው ኮምፒዩተር ልቡን ወሰደው። የውትድርና ግዴታውን ለመፈጸምም በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ ከተማ በሚገኘው የባሕር ኃይል ከፍተኛ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በ1972ም የዶክተርነት ማዕረጉን ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተቀበለ።

በዚያው ዘመን ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ማይክሮፕሮሰሰር የሚባለውን የጥፍር ስፋት ያለውን የስሌት መሣሪያ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ብዙዎች የመንገድ መብራትን ለመሰሉ ትንንሽ መቆጣጠሪያዎች ብቻ የሚበጅ አድርገው ሲመለከቱት፣ ኪልዳል ግን ሙሉ ኮምፒዩተር ሊሠራበት እንደሚችል ተረዳ። ለኢንቴል በአማካሪነት እየሠራ በ1973 ፒኤል/ኤም የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አዘጋጀ። በ1974ም ጆን ቶሮድ የተባለ ወዳጁ የዲስክ መቆጣጠሪያውን ሠርቶለት፣ ሲፒ/ኤም ብሎ የሰየመው ሥርዓተ ክወና ፓሲፊክ ግሮቭ በተባለች ትንሽ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ጀመረ። ኢንቴል ቋንቋውን ቢቀበልም ሥርዓተ ክወናውን ለመሸጥ ፍላጎት አላሳየም። ስለዚህ ኪልዳልና ባለቤቱ ዶሮቲ ማክዩዌን በኋላ ዲጂታል ሪሰርች የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ እርሱ የፕሮግራሙን፣ እርሷ የንግዱን ሥራ ያዙ።

የኪልዳል ታላቅ አስተዋጽኦ ግን ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ የእያንዳንዱ ፋብሪካ ኮምፒዩተር በዲስኩ፣ በቁልፍ ሰሌዳውና በማሳያው ከሌላው የተለየ ስለ ነበር፣ ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም ነበር። ሥርዓተ ክወናውን ለእያንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ ደጋግሞ መለወጥም አድካሚ ሆነ። ኪልዳል መሣሪያውን የሚያውቀውን ጥቂት ክፍል ከቀረው ለይቶ ለብቻው አስቀመጠውና ባዮስ ብሎ ሰየመው፤ ይኸውም መሠረታዊ የማስገቢያና የማውጫ ሥርዓት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ኮምፒዩተር የሠራ ፋብሪካ መለወጥ የሚገባው ይህን አነስተኛ ክፍል ብቻ ሆነ። የጽሕፈት ወይም የሒሳብ ፕሮግራሙ አገልግሎት ሲፈልግ በማስታወሻ ቋቱ ውስጥ ዘወትር አንድ በሆነ አድራሻ፣ በቁጥር 5 ላይ፣ ጥያቄውን ያቀርባል፤ ጥያቄውን ወደ መሣሪያው የሚያደርሰው ሥርዓተ ክወናው ነው። አስተርጓሚ በመካከል ቆሞ ሁለት ቋንቋ ለቋንቋ የማይተዋወቁ ሰዎችን እንደሚያግባባ ማለት ነው።

በዚህ ዘዴ ምክንያት ሲፒ/ኤም በፍጥነት ተስፋፋ። በ1978 የወጣው ወርድስታር የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም በብዙ ዓይነት ኮምፒዩተሮች ላይ ሠራ። በ1981 የወጣው በእጅ የሚንጠለጠለው ኦስቦርን፣ በ1985 ለቤት አገልግሎት የተሠራው ኮሞዶር 128 ሁሉ ሲፒ/ኤምን ይቀበሉ ነበር።

ዕድል ግን ፊቷን አዞረች። በ1980 አይቢኤም ለሚያዘጋጀው የግል ኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና ፍለጋ ወደ ፓሲፊክ ግሮቭ መልእክተኞቹን ላከ፤ ውሉ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ኪልዳል የዚያን ዕለት በአውሮፕላኑ ሲዝናና ዕድሉን አስመለጠ የሚለው ወሬ በሰፊው ቢነገርም፣ በረራው ለሥራ ጉዳይ ነበር። ማይክሮሶፍት በሲያትል የሚኖር ቲም ፓተርሰን የተባለ ባለሙያ የሲፒ/ኤምን የአጠቃቀም ሥርዓት ተከትሎ የጻፈውን ፕሮግራም ገዝቶ ለአይቢኤም አቀረበ። አይቢኤም በኋላ የኪልዳልንም ሥራ ለመሸጥ ቢስማማ፣ የማይክሮሶፍቱን በ40 ዶላር፣ የኪልዳልን በ240 ዶላር ለገበያ አወጣ። ገዢው የትኛውን እንደ መረጠ መናገር አያስፈልግም።

ኪልዳል ከዚያ በኋላም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከ1983 እስከ 1990 ስለ ኮምፒዩተር ለሕዝብ በሚያስረዳ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ተባባሪ አዘጋጅ ሆኖ ቀረበ፤ በ1985ም ሌላ ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት የግሮሊየር መዝገበ ዕውቀት በአንዲት የሲዲ ዲስክ ላይ እንዲወጣ አደረገ። በ1991 ዲጂታል ሪሰርች ለኖቬል ኩባንያ ተሸጠ። ሐምሌ 11 ቀን 1994 ኪልዳል ከጥቂት ቀናት በፊት በደረሰበት የራስ ጉዳት ምክንያት በሞንተሬይ አረፈ፤ ዕድሜው 52 ዓመት ነበር።

ሥራው ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። በ2001 የሲፒ/ኤም መብት ባለቤት የነበረው ድርጅት ፕሮግራሙ በነጻ እንዲሠራጭ ፈቀደ፤ በ2014ም በካሊፎርኒያ የሚገኘው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ጽሑፍ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ዛሬ የአርባ ዓመት ዕድሜ ያለውን ኮምፒዩተር የሚጠግን ሰው የተበላሸውን የዲስክ ማንበቢያ አውጥቶ በምትኩ ጥፍር የምታህል የማስታወሻ ካርድ ይተካል፤ የሚለውጠው ባዮስን ብቻ ነው። ወርድስታር ልዩነቱን ሳያውቅ እንደ ድሮው ይጽፋል። አሮጌ ዕቃ የሌለውም ሰው የቀድሞውን ማይክሮፕሮሰሰር የሚመስል ፕሮግራም በዘመናዊ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። በአንጻሩ የዲስኮቹን አቀራረጽ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ፈቀደ ስላደረገው፣ ዛሬ ባለሙያውን የሚያስቸግረው ፕሮግራሙን ከማሠራት ይልቅ ከአሮጌው ዲስክ ላይ ማንበብ ነው። ስምምነት የነበረበት ዘለቀ፤ ስምምነት ያልነበረበት ጠፋ።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። የግእዝ ፊደል በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ያስቀምጡት ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ ቃለ ጉባኤ፣ የመሬት መዝገብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ያ የፊደል ዓይነት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። ሰነዱ አለ፤ አንባቢ ግን የለውም። በአምቦም ይሁን በሌላ የምዕራብ ሸዋ ከተማ እንዲህ ያለ ፋይል ያለበትን ዲስክ በመሳቢያው ያስቀመጠ ባልደረባ፣ የሚያነበው መሣሪያና ፊደሉን የሚያውቀው ሰው ሳይጠፉ ወደ ዩኒኮድ ሊያዛውረው ይገባል።

ኪልዳል በገበያው ተሸንፏል፤ የሀብቱም መጠን ከተፎካካሪዎቹ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ዳሩ ግን መሣሪያው ሲሞት ሥራው እንዳይሞት አድርጎ ሠርቷል። ለባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ ሐውልት አይገኝም።