ከ1893 እስከ 1914፦ አልፍሬድ ቬርነርና የኮባልት ውሁዶች

የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት የአልፍሬድ ቬርነርን ንድፈ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ በ1893 እ.ኤ.አ. ጀምረው እዚያው ላይ ይጨርሱታል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ አንድ ዓመታት ላይ ነው፤ ቬርነር ሐሳቡን ሲያቀርብ የተደገፈባቸው ሙከራዎች በአብዛኛው የሌላ ሰው፣ ያውም የዋና ተቃዋሚው ሥራ ነበሩና።

ቬርነር በ1866 በአልዛስ ግዛት በሙሉዝ ከተማ ተወለደ። በዙሪክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1890 የዶክትሬት ማዕረጉን ሲያገኝ የጥናቱ ርእስ የናይትሮጅን አቶሞች በኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ውስጥ ያላቸው የቦታ አቀማመጥ ነበር። ወደ ኢኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የገባው እንግዲህ ስለ ቅርጽ ማሰብን ከሌላ ዘርፍ ተምሮ ነው።

በዘመኑ ያከራክር የነበረው እንቆቅልሽ ይህ ነው፦ ኮባልት ክሎራይድ በራሱ የተሟላ ውሁድ ሆኖ ሳለ ስድስት፣ አምስት ወይም አራት የአሞኒያ ሞለኪውሎችን እንዴት ሊይዝ ይችላል? የስዊድኑ ብሎምስትራንድና የኮፐንሃገኑ ዮርገንሰን የአሞኒያ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እንደ ሰንሰለት ይቀጣጠላሉ ይሉ ነበር። የ26 ዓመቱ ቬርነር ሰንሰለቱን ተወው። ብረቱ ከተለመደው ቫለንስ ሌላ ሁለተኛ ቫለንስ አለው፤ በዚህም ስድስት አቶሞችን ወይም ሞለኪውሎችን በዙሪያው፣ በኦክታሄድሮን ማዕዘናት ላይ ያስቀምጣል አለ። ሐሳቡ ሌሊት ከእንቅልፉ ቀስቅሶት እስከ ማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲጽፍ እንደዋለ ይነገራል።

ማስረጃውስ? ሲልቨር ናይትሬት ሲጨመር ስድስት አሞኒያ ያለው ቢጫ ውሁድ ሦስቱንም ክሎሪን፣ አምስት ያለው ሁለቱን፣ አራት ያለው አንዱን ብቻ ያዘቅጣል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ። የሚለያዩት በሦስት አሞኒያ ላይ ነው፤ በሰንሰለቱ ንድፈ ሐሳብ አንድ ክሎሪን ነጻ መሆን ሲኖርበት በቬርነር ግን ምንም ነጻ ክሎሪን አይኖርም። ተመሳሳዩ የኢሪዲየም ውሁድ ዝቃጭ አልሰጠም። ቬርነርና ሚዮላቲም የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን በመለካት የአዮኖቹን ቁጥር በሌላ መንገድ አረጋገጡ።

ይህ ሁሉ ግን ቁጥርን እንጂ ቅርጽን አያሳይም። ኦክታሄድሮን ከሆነ አራት አሞኒያና ሁለት ክሎሪን ያለው አዮን ሁለት አይሶመሮች ሊኖሩት ይገባል፤ የሚታወቀው ግን አረንጓዴው ብቻ ነበር። ዮርገንሰን በዚህ ጉድለት ላይ ጸና፤ በእኔ አስተያየት ትክክለኛ ተቃውሞ ነበር። ቬርነር ሐምራዊውን አይሶመር ያገኘው በ1907፣ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ዮርገንሰንም ተቃውሞውን አቆመ።

ቬርነር ግን በዚህ አልረካም። ሦስተኛ አይሶመር አለመገኘቱ ሦስተኛ አይሶመር አለመኖሩን አያረጋግጥምና። ኤቲሊንዳያሚን የያዙ አንዳንድ ውሁዶች ኦክታሄድሮን ከሆኑ እንደ ቀኝና ግራ እጅ የማይገጣጠሙ ሁለት መልኮች ሊኖሯቸው፣ በአንድ ጠለል የሚርገበገብ ብርሃንንም በተቃራኒ አቅጣጫ ሊያዞሩ ይገባል። በ1911 ከተማሪው ቪክቶር ኪንግ ጋር ሁለቱን መልኮች ለያቸው። የሚያስደንቀው፣ ተማሪው ኢዲት ሃምፍሪ በ1901 ባጠናቀቀችው የዶክትሬት ሥራ እንዲህ ሊለዩ ከሚችሉት ውሁዶች አንዱን አስቀድማ ሠርታ ነበር፤ ውሁዱ ለዓመታት በእጃቸው ነበር ማለት ነው።

በ1913 የኖቤል ሽልማትን ሲቀበል እንኳ አንድ ጥርጣሬ ቀርቶ ነበር፦ ብርሃኑን የሚያዞረው ብረቱ ሳይሆን በኤቲሊንዳያሚን ውስጥ ያለው ካርቦን ቢሆንስ? በ1914 ቬርነር አራት ኮባልት ያለውና ምንም ካርቦን የሌለው ውሁድ ሠርቶ ሁለቱን መልኮች በመለየት መልስ ሰጠ።

ቬርነር በኖቬምበር 1919፣ በ52 ዓመቱ፣ በዙሪክ አረፈ። በ1921 ዋይኮፍና ፖስንያክ የአሞኒየም ሄክሳክሎሮፕላቲኔትን ክሪስታል በኤክስሬይ ሲመረምሩ ስድስቱን ክሎሪኖች በፕላቲነሙ ዙሪያ፣ በኦክታሄድሮን ማዕዘናት ላይ አገኟቸው።