ዋለልኝ መኮንን፡ በተማሪዎች መጽሔት የጀመረው፣ ዛሬም ያልበረደው ክርክር

ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚዘጋጀው 'ታገል' መጽሔት፣ የኢትዮጵያን የብሔረሰቦች ጥያቄ የሚመለከት አጭር ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ጸሐፊው የወሎ ተወላጁ፣ በደሴ ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን ነበር።

ከእርሱ ትውልድ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ብሶታቸውን የሚገልጹት በአመዛኙ በግጥም ነበር። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ፣ በኮሌጅ ቀን መድረክ ታምሩ ፈይሳ ስለ ድሃው ያቀረበው ግጥም ቤተ መንግሥቱን አስቆጥቷል። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" እያሉ አደባባይ ወጡ። በዚህ መንገድ ከግጥም መድረክ የተነሣው ድምፅ ወደ ሰልፍና ወደ መጽሔት ገጾች ተሸጋገረ።

ዋለልኝ ያነሣው ጉዳይ ግን በንቅናቄው ውስጥ ሳይቀር በይፋ ለመናገር የሚከብድ ነበር። ኢትዮጵያ ገና አንድ ብሔር አልሆነችም፤ በልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ላይ የአማራ፣ በተወሰነ ደረጃም የትግሬ ባህልና ቋንቋ የበላይነት ተጭኗል ሲል ሞገተ። እርሱ ራሱ አማራ መሆኑ ሙግቱን ይበልጥ አነጋጋሪ አደረገው።

ምላሹ ፈጣን ነበር። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን በተማሪዎቹ ላይ ዘመቻ ከፈቱ። ታኅሣሥ 19 ቀን የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዝዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው ስድስት ኪሎ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኩስ ከፈቱ፤ በርካቶችም ሞቱ። ዋለልኝም ለእስር ተዳረገ።

ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ዋለልኝና ስድስት ጓደኞቹ ከአዲስ አበባ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሞከሩ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩ የጸጥታ ሰዎች ተኩስ ከፈቱ፤ የእጅ ቦምብም ፈነዳ። አውሮፕላኑ በደኅና ወደ አዲስ አበባ ቢመለስም ዋለልኝና የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱን ጨምሮ ስድስቱ ጠላፊዎች ሞቱ። በሕይወት የተረፈችው ታደለች ኪዳነ ማርያም ብቻ ነበረች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዘውዳዊው ሥርዓት ወደቀ። ጽሑፉን ያነበበው ትውልድ እርስ በርሱ ተከፋፈለ፤ ብዙዎች በቀይ ሽብር ዘመን ረገፉ፤ ሌሎችም በሱዳን በኩል ተሰደው በካርቱምና ከዚያም ባሻገር ተበተኑ።

ዋለልኝ የሞተበት ዕለት ከ22 ዓመት በኋላ ሌላ ትርጉም አገኘ። ለብሔሮች እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት የሚሰጠው ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነበር። በየዓመቱ የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የሚከበረውም በዚሁ ዕለት ነው።

ለአንዳንዶች ዋለልኝ የታፈነ እውነትን በድፍረት የተናገረ ወጣት ነው። ለሌሎች ደግሞ አገሪቱን ለገጠማት ክፍፍል መንገድ የጠረገ ነው። በዓሉ በመጣ ቁጥር ይህ ክርክር ይነሣል፤ የክርክሩ መነሻ ግን ዛሬም ያችው በተማሪዎች መጽሔት ላይ የወጣች አጭር ጽሑፍ ናት።