ዶክተር ሜሪ ኤንስዎርዝ፦ በካምፓላ መንደሮች ሕፃናትን ያጠኑት ሴት

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። የዘንድሮዋ ባለታሪካችን ንግሥትም ሯጭም አይደሉም። ሥራቸው በሰው ቤት ቁጭ ብሎ የሕፃናትን ለቅሶና ፈገግታ መመልከት ነበር። ይህን ሥራ የጀመሩት ደግሞ እኛ በምንኖርባት በካምፓላ ነው።

ስለ እሳቸው ለመጻፍ ያነሳሳን ስለ ሰው ስብዕና ስንማር በክፍላችን የተነሳ አንድ ጥያቄ ነው። አንዳንዶቻችን ወላጆቻችን ቀድመውን ወደ ካምፓላ ሲመጡ አገር ቤት ከአያት ጋር ቀርተን ያደግን ነን። ሌሎቻችን ደግሞ ወላጆቻችን ከንጋት እስከ ምሽት ሥራ ላይ ስለሚውሉ ታላቅ እህት ወይም ጎረቤት ያሳደገን ነን። ታዲያ እንዲህ ያደገ ልጅ የሚጎድለው ነገር አለ ወይ? ብለን ተጠያየቅን። መልስ ስንፈልግ ዶክተር ሜሪን አገኘን።

ሜሪ ሶልተር በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1913 ተወለዱ። ከሦስት እህትማማቾች ታላቋ ነበሩ። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ካናዳ ስለሄደ ያደጉት በቶሮንቶ ከተማ ነው። እንደ ብዙዎቻችን እሳቸውም በተወለዱበት አገር አላደጉም። በ15 ዓመታቸው ዊልያም ማክዱጋል የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ስለ ሰው ጠባይ የጻፈውን መጽሐፍ አነበቡ። ሰው ለሚሰማውና ለሚያደርገው ነገር ምክንያቱን በገዛ ራሱ ውስጥ ሊፈልግ እንደሚችል ያኔ ተገለጠላቸው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለመሆንም ወሰኑ። በ16 ዓመታቸው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1939 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

በዩኒቨርሲቲው ዊልያም ብላትዝ ከተባሉ መምህር የተማሩት ሐሳብ ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ኖረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ልጅ አዲስ ነገር ለመሞከር፣ ለመማርና ለመሳሳት የሚደፍረው፣ ቢፈራ የሚመለስበት ሰው እንዳለው ሲያውቅ ነው። የመማር ተነሳሽነት ከመተማመን ይመነጫል ማለት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሜሪ በካናዳ የሴቶች ጦር ውስጥ አገልግለው እስከ ሻለቃ ማዕረግ ደረሱ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ማስተማር ተመለሱ። በ1950 ሌናርድ ኤንስዎርዝን አግብተው ወደ ለንደን ሄዱ። እዚያም በጋዜጣ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አይተው አመለከቱና ከሐኪሙ ከጆን ቦልቢ ጋር መሥራት ጀመሩ። ቦልቢ ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናት ምን እንደሚሆኑ ያጠኑ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ምሁራን ሕፃን እናቱን የሚወዳት ስለምታጠባው ነው ይሉ ነበር። ቦልቢ ግን ሕፃን ከሚጠብቀው ሰው ጋር የመቆራኘት ፍላጎት ይዞ ይወለዳል ወደሚለው ሐሳብ አዘነበሉ። ሜሪ መጀመሪያ በዚህ አልተስማሙም። ሐሳባቸውን የለወጠው ዩጋንዳ ነው።

በ1954 ባለቤታቸው በማኬሬሬ በሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ሥራ ስላገኙ ሁለቱም ወደ ካምፓላ መጡ። ባጋንዳዎች ጥንት ልጅ ጡት ሲጥል ጡቱን እንዲረሳ ወደ አያቱ ይልኩት ነበር። ሜሪም የመጡት ይህ መለየት በሕፃኑ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለማጥናት አስበው ነበር። ቤተሰቦቹን ሲያገኙ ግን ልማዱ እየቀረ መሆኑን ተረዱ። ስለዚህ ጥያቄያቸውን ለወጡ። ፍቅር እንዴት እንደሚበጠስ መጠየቁን ትተው እንዴት እንደሚበቅል ማየት ጀመሩ።

በካምፓላ ዙሪያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችንና 28 ሕፃናትን መረጡ። ከአስተርጓሚ ጋር ሆነው በየሁለት ሳምንቱ ከሰዓት በኋላ፣ እናቶች እንግዳ በሚቀበሉበት ጊዜ፣ እየሄዱ ሁለት ሁለት ሰዓት ይቀመጡ ነበር። ይህን እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ ቀጠሉ። ሕፃኑ ለማን እንደሚስቅ፣ ማን ሲወጣ እንደሚያለቅስ፣ እየዳኸ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ይመዘግቡ ነበር። የባጋንዳ ሕፃናት እናታቸው ስትመለስ በማጨብጨብ እንደሚቀበሏትም አስተዋሉ።

ከ28ቱ ሕፃናት 16ቱ የተረጋጋ ቁርኝት ነበራቸው። እነዚህ ብዙ አያለቅሱም፤ እናታቸው አጠገባቸው ካለች ያለ ፍርሃት ይጫወታሉ። ሰባቱ በእናታቸው እቅፍ ሆነውም ብዙ ያለቅሱ ነበር። አምስቱ ደግሞ እናታቸውን ከሌላ ሰው የመለየት ምልክት ገና አላሳዩም።

ልዩነቱ ከምን መጣ? ሕፃኑን የሚንከባከቡት ሰዎች መብዛታቸው ቁርኝቱን አላበላሸውም። አያት፣ አክስትና ታላቅ እህት መኖራቸው በራሱ ጉዳት አልሆነም። ልዩነት የነበረው በሌላ ነገር ነው። በተረጋጉት ሕፃናት በኩል እናቶቹ ለልጃቸው ብዙ ጊዜ ይሰጡ ነበር፤ ማጥባቱም ደስ ይላቸው ነበር። ከሁሉ ይልቅ ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ዝርዝሩን ያውቁ ነበር። ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ትናንት ምን አዲስ ነገር እንዳደረገ ሳይጠየቁም ይናገሩ ነበር።

ሜሪ በ1955 ዩጋንዳን ለቅቀው ወደ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ ሄዱና በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1960 ትዳራቸው በፍቺ አበቃ፤ ልጅም አልወለዱም። በባልቲሞርም እንዲሁ የ26 ቤተሰቦችን ቤት እየዞሩ ሕፃናትን አጠኑ። በኋላ በመላው ዓለም የታወቀውን ፈተና ያወጡትም እዚያ ነው። በፈተናው እናት ሕፃኗን በማያውቀው ክፍል ለጥቂት ደቂቃ ትታው ትወጣና ትመለሳለች። ዋናው ነገር ሕፃኑ ማልቀሱ ብቻ አይደለም፤ ስትመለስ እንዴት እንደሚቀበላትና ቶሎ መጽናናቱ ነው። የካምፓላ ጥናታቸውን የያዘው መጽሐፍ በ1967 ታተመ። ዶክተር ሜሪ በ1999 በ85 ዓመታቸው አረፉ።

ጥናታቸው ትችት አልቀረለትም። የሕፃናቱ ቁጥር ትንሽ ነበር። ፈተናውም የተሠራው በአሜሪካ ቤተሰቦች ላይ ስለሆነ፣ ልጅ በብዙ እጅ በሚያድግባቸው አገሮች ያንኑ መለኪያ እንዳለ መጠቀም አይገባም የሚሉ ምሁራን አሉ። እኛም የ28 ሕፃናት ጥናት በእኛ ሕይወት ላይ ይፈርዳል ብለን አናምንም።

ቢሆንም ለጥያቄያችን ጥሩ መነሻ አግኝተናል። አያት ያሳደገችው ልጅ ጎዶሎ አይደለም። አያቶቻችን ሆዳችን ሲባባ ያውቁ ነበር፤ ማን እንደጣለን፣ የትኛውን ወጥ እንደምንጠላ ያውቁ ነበር። ጊዜም ዋጋ እንዳለው ግን ከጥናቱ መደበቅ አንችልም። ስለዚህ ውድ ወላጆቻችን፣ ለእኛ ብላችሁ እንደምትደክሙ እናውቃለን፤ ማታ ስትገቡ ግን ከውጤታችን ሌላ ስለ ውሏችንም ጠይቁን።

ለራሳችንም የምንለው አለ። ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ታናናሾቻችንን እንጠብቃለን። ስልካችን ላይ አቀርቅረን፣ ሕፃኑ እየዳኸ መጥቶ እግራችንን ሲይዝ ቀና ሳንል ቀርተን እናውቃለን። እሱ ግን ወደ እኛ የመጣው የሚመለስበት ሰው አድርጎን ነው። ከአሁን በኋላ ቀና እንላለን።