ሚኮላ ትሩሴቪች

ሚኮላ ትሩሴቪች (በሩስኛ አጠራር ኒኮላይ፤ 1909 - ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1943 እ.ኤ.አ.) ለዲናሞ ኪዬቭ የተጫወተ የዩክሬን በረኛ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ኪዬቭ በናዚ ጀርመን በተያዘች ጊዜ በተደረገውና «የሞት ግጥሚያ» ተብሎ በሚጠራው ጨዋታ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የተጫዋችነት ዘመን

ትሩሴቪች በኦዴሳ ከተማ ተወለደ። በትውልድ ከተማው ክለቦች ከተጫወተ በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ ወደ ዲናሞ ኪዬቭ ተዛወረ። በ1936 የሶቪየት ሕብረት የክለቦች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ ዲናሞ ኪዬቭ የፀደዩን ውድድር በሁለተኛነት ጨረሰ።

ጦርነቱና ስታርት

ጀርመን በጁን 1941 ሶቪየት ሕብረትን ስትወር ትሩሴቪች ዘምቶ ተማረከ። ከምርኮ ሲለቀቅ በኪዬቭ የ1ኛው ዳቦ ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ዮሴፍ ኮርዲክ ሥራ ሰጠው። ኮርዲክ ኳስ ወዳድ ነበር። ትሩሴቪችም የቀድሞ የዲናሞና የሎኮሞቲቭ ተጫዋቾችን እየፈለገ ወደ ፋብሪካው አመጣ፤ ከእነርሱም ስታርት የተባለው ቡድን ተመሠረተ። ስታርት በ1942 ያደረጋቸውን ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ኦገስት 6 ቀን የጀርመን ፀረ-አውሮፕላን ጦር ቡድን የነበረውን ፍላክኤልፍን 5 ለ 1፣ በኦገስት 9ኙ የመልስ ጨዋታ ደግሞ 5 ለ 3 ረታ።

እስርና ሞት

ኦገስት 18 ቀን ጌስታፖ ተጫዋቾቹን ከፋብሪካው ወስዶ አሰረ። ሚኮላ ኮሮትኪክ በእስር ላይ ሞተ፤ ሌሎቹ ከባቢ ያር አጠገብ ወደሚገኘው የሲሬትስ ካምፕ ተላኩ። በዚያም ትሩሴቪች፣ አጥቂው ኢቫን ኩዝሜንኮና ተከላካዩ ኦሌክሲ ክሊሜንኮ በአንድ ቀን ተረሸኑ።

አፈ ታሪኩና እውነታው

ከጦርነቱ በኋላ በሶቪየት ሕብረት በስፋት የተነገረው ታሪክ ተጫዋቾቹ በማሸነፋቸው ምክንያት ጨዋታው እንዳለቀ ተገደሉ የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ስታርት ከዚያ ጨዋታ በኋላ ኦገስት 16 ቀን ሩክ የተባለውን ቡድን 8 ለ 0 አሸንፏል። የእነ ትሩሴቪች ግድያም የተፈጸመው ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ጉዳዩን የመረመረው የሃምቡርግ አቃቤ ሕግ ጨዋታውን ከግድያው ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ ባለማግኘቱ በ2005 መዝገቡን ዘጋ።

ከቡድን ጓደኞቹ አንጻር ያለው ዝና

በ1971 በኪዬቭ ዲናሞ ስታዲየም የቆመው ሐውልት አራት ተጫዋቾችን ያሳያል፤ አራቱም ከጦርነቱ ያልተረፉት ትሩሴቪች፣ ኩዝሜንኮ፣ ክሊሜንኮና ኮሮትኪክ ናቸው። በዚያው ሜዳ አብሯቸው የተጫወተው ማካር ሆንቻሬንኮ ግን ከካምፑ አምልጦ እስከ 1997 ቢኖርም በሐውልቱ ላይ የለም። ስለዚህ በስታርት ተጫዋቾች መካከል ያለው የዝና ልዩነት የመጣው ከኳስ ችሎታቸው ይልቅ ከአሟሟታቸው ነው። ትሩሴቪች ግን ከሞቱ በተጨማሪ ሌላ የሚታወስበት ሥራ አለው፤ የተበተኑትን ጓደኞቹን ፈልጎ ያሰባሰበው እርሱ ነበር።