ሦስት ጊዜ ከሩጫ የታገደ ሯጭ፦ ሻምበል አበበ ቢቂላና የጡንቻ መመንመን

የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ዘወትር የሚተረከው በሩጫው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ሯጩ ከሩጫ የታገደባቸውን ሦስት ወቅቶች ይመለከታል። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና፣ የእግር አጥንት ስብራትና የሕብለ ሰረሰር ጉዳት በአንድ ሰው ሕይወት ተከታትለው መድረሳቸው፣ አካል ሲታሰር ጡንቻ ምን እንደሚሆንና ማሸት ምን ያህል ሊታደገው እንደሚችል ለመመርመር ያስችላል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በተባለ መንደር ተወለደ። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ከተቀጠረ በኋላ በስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም የኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ።

የመጀመሪያው እገዳ የደረሰበት ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ቢሾፍቱ ነው። የቶኪዮ ውድድር አርባ ቀን ያህል ሲቀረው፣ በልምምድ ላይ ሳለ ሕመም ተሰማው፤ ሊቋቋመው ቢሞክርም ወደቀ። ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሆስፒታል ወጣ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በዓለም ፈጣኑን ሰዓት አስመዘገበ፤ ሩጫውን እንደጨረሰም በሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ።

ይህ ድል እንደ ተአምር ቢወራም የእረፍቱ ማጠር ትልቅ ድርሻ አለው። ጤናማ ወጣቶች አንድ እግራቸው ሆን ተብሎ ታስሮ በተደረገ ጥናት፣ የጭን ጡንቻቸው ስፋት በ5 ቀን 3.5 በመቶ፣ በ14 ቀን ደግሞ 8 በመቶ ያህል ቀንሷል። የጉልበቱ መድከም ከዚህም የከፋ ነበር፤ በ14 ቀን 23 በመቶ ደርሷል። ምክንያቱ ሥራ የፈታ ጡንቻ አዲስ ፕሮቲን የመገንባት አቅሙ ስለሚዳከም ነው። ስለዚህ ከአልጋ ፈጥኖ መነሣት ራሱ ሕክምና ነው።

ሁለተኛው እገዳ እንዲህ የቀለለ አልነበረም። አበበ በስፔን በተደረገ ውድድር የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎዳ፤ በ1960 ዓ.ም. ለእግሩ ሕክምና ወደ ጀርመን ተጓዘ። በሜክሲኮ ሲቲ ውድድሩ ሲቃረብ በግራ እግሩ ቀጭን አጥንት ላይ ስብራት ተገኘበትና እግሩን እንዲያሳርፍ በሐኪም ተመከረ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ቢጀምርም 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ድሉን የአድአው ተወላጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ። የተሰበረ አጥንት የሚጠግነው በጊዜ እንጂ በጽናት አይደለም።

ሦስተኛው እገዳ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት መጣ። አበበ በሸኖ አቅራቢያ ሲያሽከረክረው የነበረው ቮልስዋገን ተገለበጠ፤ እርሱም በመኪናው ውስጥ እንደተያዘ አደረ። ከአንገቱ የተጎዳው ሯጭ መጀመሪያ እጅና እግሩን ማዘዝ ተሳነው። ከሳምንት በኋላ እንግሊዝ ወደሚገኘው የስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ፤ በዚያም ስምንት ወር ያህል ታከመ።

ይህን የሕብለ ሰረሰር ሕክምና ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 ያቋቋመው ከናዚ ጀርመን የተሰደደው የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነበር። ከእርሱ በፊት እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ብዙውን ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ተኝተው በአልጋ ቁስልና በኩላሊት ኢንፌክሽን ይሞቱ ነበር። ጉትማን ታማሚዎች በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ፣ መገጣጠሚያዎቻቸው እንዲንቀሳቀሱ፣ ነርቭ የቀረለት ጡንቻ ሁሉ በስፖርት እንዲሠራ አደረገ። አበበ የእጆቹን ኃይል መልሶ አገኘ፤ እግሮቹ ግን ዳግም አልቆሙም። ከነርቭ ትእዛዝ የተቋረጠ ጡንቻ ቢታሽ ደሙ ሊዘዋወር፣ ቆዳው ሊለሰልስ ይችላል፤ የጠፋውን ትእዛዝ ግን ማሸት አይተካውም።

ነርቡ ደኅና ሆኖ በጄሶ የታሰረ አካልስ? በአይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የሚጠቁሙት ልዩነትን ነው። አካሉ ሥራ በፈታበት ወቅት ጡንቻን በመሣሪያ ደጋግሞ መጫን የፕሮቲን ግንባታን ቢያነቃቃም መመንመኑን አላስቀረም። ከእረፍት በኋላ እግሩ ክብደት መሸከም ሲጀምር የተደረገው ማሸት ግን የጡንቻውን ዳግም ዕድገት አግዟል፤ ባልታሸው እግር ላይም ጥቅሙ ታይቷል። ውጤቱ በሰው ላይ ገና ሊፈተሽ የሚገባው ቢሆንም፣ ማሸት የእንቅስቃሴ ምትክ ሳይሆን የእንቅስቃሴ አጋዥ መሆኑን ያመለክታል።

አበበ የቀሩለትን ጡንቻዎች አላሳረፈም። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. በኖርዌይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ተገኘ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ይህ ሕይወት በሞጆ፣ በአዳማ፣ በባቱና በሻሸመኔ ለሚሠሩ የሕክምና ባለሙያዎች ቅርብ ነው። በከባድ ተሽከርካሪ በሚጨናነቁት በእነዚህ ከተሞች መንገዶች የሚጎዱ ሰዎች ሁሉ ወደ ሆስፒታል አይሄዱም፤ ወጌሻ ዘንድ የሚታሹ፣ በሶደሬ ፍል ውኃ የሚታጠቡም አሉ። ትኩስ ስብራትን ማሸት አጥንቱን ሊያናጋ፣ ደም የረጋበትን እግር ማሸት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልክ፣ አጥብቆ ማሰርም እግርን እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። በተገቢው ጊዜ የሚሰጥ ማሸት ግን ርካሽና ብዙ መሣሪያ የማይጠይቅ እገዛ ነው። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ አጥንቱ ጠግኗል ወይ? ነርቡ ይሠራል ወይ? ታማሚው ዛሬ ራሱ ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው የትኛውን አካሉን ነው? ከአበበ ሦስት እገዳዎች እያንዳንዱ የተለየ መልስ ነበረው፤ በሦስተኛው እገዳም ሕይወቱን ወደ ፊት ያራመደው የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ነው።